ራውተሩን ማን ይምራው? ስለ ጂግና ስለ እንጨት መጋጠሚያ

(ለእንጨት ሥራ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ያወራሁትን በመጠኑ አሳጥሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ዛሬ የማወራው ኢንተርኔት ስለሚያከፋፍለው ራውተር አይደለም። እንጨት ስለሚቆርጠው፣ ሲነሳ ጆሮ ስለሚያደነቁረው፣ ሰጋቱራውን ፊታችሁ ላይ ስለሚረጨው ነው።

ይህ ማሽን ጉልበት አለው። ፍጥነትም አለው፤ ትንሽ ቢት (እየዞረ የሚቆርጠው ምላጭ) ሲታሰርበት በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የእጅ መጋዝ ቢያንስ አንዴ መንገድ ከያዘ በራሱ ስንጥቅ ውስጥ መሄድ ይወዳል። የራውተር ቢት ግን ክብ ነው፣ በየትኛውም ጎኑ እኩል ይቆርጣል፣ እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠች ያንኑ መንቀጥቀጥ እንጨቱ ላይ ጽፎ ያስቀራል። ስለዚህ መሪ ያስፈልገዋል። ጂግ የምንለው ያንን መሪ ነው።

ብዙ ሰው ጂግን ሥራ ማፍጠኛ አድርጎ ያየዋል። ማፍጠኑንስ ያፈጥናል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ሜትርንና እርሳስን ከሥራው ያስወጣልናል። ሜትር ዘርግታችሁ፣ በእርሳስ ጭራችሁ፣ ከዚያ መስመሩን ልቁረጠው ወይስ ላስቀረው እያላችሁ ስትሠሩ፣ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይሸራረፋል። ጥሩ ጂግ ልኩን የሚወስደው ከእንጨቱ ከራሱና ከቢቱ ከራሱ ነው። ቁጥሩን ማወቅ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ዛሬ የማሳያችሁ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህች ሐሳብ ዙሪያ ነው።

ራውተርን የምንመራባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ቀላሉ ነው። ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሳ ታስራላችሁ፤ ደገፋ የምንለው እሱን ነው። የራውተሩን ቤዝ (እንጨቱ ላይ የሚያርፈውን ወለሉን) ጠርዝ አስደግፋችሁ ትገፋላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ቤዙ ክብ ቢሆንም ቢቱ ትክክል መሐሉ ላይ ላይሆን ይችላል። እየገፋችሁ ራውተሩን በእጃችሁ ካዞራችሁት መስመሩ ይጎብጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቤዙ ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ ነጥብ አድርጉና ሁልጊዜ ያ ነጥብ ደገፋውን እንደነካ ይሂድ።

ሁለተኛው ኩሽኔታ ያለው ቢት ነው። ኩሽኔታው ከቢቱ ጋር እኩል ውፍረት ስላለው ፎርማው (የምንፈልገው ቅርጽ የወጣበት ጣውላ) ላይ ሲንከባለል ቢቱ የፎርማውን ቅርጽ እንዳለ ይገለብጣል። ስሌት የለውም። ችግሩ ኩሽኔታው ከመጀመሪያው ቆረጣ ጀምሮ ፎርማውን መንካት አለበት፤ ስለዚህ ቢቱ ረጅም ፎርማው ደግሞ ስስ ከሆነ ቀስ በቀስ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ታች መግባት አትችሉም።

ሦስተኛው ቡሺንግ ነው። ራውተሩ ቤዝ ሥር የሚታሰር የብረት ቀለበት ማለት ነው፤ ቢቱ በመሐሉ ያልፋል፣ ፎርማውን የሚነካው ቀለበቱ ነው። የማይሽከረከር ስለሆነ ፎርማውን አያቃጥልም፤ ጥልቀቱንም እንደፈለጋችሁ ደረጃ በደረጃ ትጨምራላችሁ። ለዚህ ግን ትንሽ ሒሳብ እንከፍላለን። ቀለበቱ ከቢቱ ስለሚሰፋ ቆረጣው ከፎርማው ጠርዝ ይርቃል፤ ርቀቱም የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ነው። 30 ሚሊሜትር ቀለበትና 12 ሚሊሜትር ቢት ካላችሁ ልዩነቱ 18 ነው፣ ግማሹ 9። ቆረጣው በየጎኑ 9 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ለጉድጓድ የሚሆን ፎርማ ስትሠሩ ደግሞ ሙሉውን ልዩነት ትደምራላችሁ። ከዚህ የተረፈ ቀመር የለም። ቡሺንግ ስትገዙ ግን ከራውተሩ ጋር አንድ ማዕከል ላይ መቀመጡን ማረጋገጫ ሾጣጣ ነገር አብሮ ካለው እሱን ተጠቀሙ፤ ካለበለዚያ የመጀመሪያው ችግር እዚህም ተከትሏችሁ ይመጣል።

አሁን ወደ ሥራው።

ማንም ሰው መጀመሪያ ሊሠራው የሚገባው ጂግ ለመደርደሪያ ቦይ መቁረጫ የሚሆነው ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያ የጎን ጣውላ ላይ ቦይ ይቆረጣል፣ የመደርደሪያው ወለል እዚያ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ሁሌም የምሰማው ጥያቄ፣ «18 ሚሊሜትር ኮምፖርሳቶ ካለኝ 18 ሚሊሜትር ቢት አልገዛም ወይ?» የሚል ነው። አትግዙ። 18 ተብሎ የሚሸጥ ኮምፖርሳቶ ብዙ ጊዜ ከ18 ትንሽ ይጎድላል፤ ቦዩ ውስጥ ይዋልላል። ከጥቅል ጥቅልም ይለያያል።

ጂጉ እንዲህ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ የኮምፖርሳቶ ቁራጮች ውሰዱ፤ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ይኑራቸው። አንደኛውን ከሥር ከሚያቋርጥ ጣውላ ጋር በስኳድራ 90 ዲግሪ አድርጋችሁ በኮላና በብሎን እሰሩት። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ይሁን። ከዚያ ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ጣውላ ራሱን በሁለቱ መሐል አቁሙትና ተንቀሳቃሹን ገፍታችሁ አጥብቁት። ጣውላውን አውጡት። በመሐል የቀረው ክፍተት የጣውላው ትክክለኛ ውፍረት ነው፤ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አላወቃችሁም፣ ማወቅም አያስፈልጋችሁም። አሁን ከላይ ኩሽኔታ ያለው፣ ከክፍተቱ የሚቀጥን ቢት፣ ለምሳሌ የ12 ሚሊሜትር፣ ታስራላችሁ። ኩሽኔታውን ወደፊት ስትሄዱ በግራው ጠርዝ፣ ስትመለሱ በቀኙ ጠርዝ እያስኬዳችሁ ትቆርጣላችሁ። ጣውላው ቦዩ ውስጥ በጣም ከጠበቀ በሚቀጥለው ጊዜ ስትለኩ አንድ ተራ ወረቀት አብራችሁ መሐሉ አግቡ፤ የቢሮ ወረቀት ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይጠጋል፣ ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ልዩነትም ይኸው ነው።

ወደፊት በግራ፣ ስትመለሱ በቀኝ ያልኩት ለወግ አይደለም። የእጅ ራውተር ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ወደፊት ስትገፉት እንጨቱ ወደ ግራ ይገፋዋል። ደገፋው በግራ ካለ ራሱ እንጨቱ ራውተሩን ደገፋው ላይ ይጫንላችኋል። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ከደገፋው ይሸሻል፣ ከዚያም አልፎ እንደ አልተገራ በቅሎ ጎትቷችሁ ይሄዳል። ስለዚህ የጣውላን የውጭ ጠርዝ ስትቆርጡ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ዙሩ፤ የፎርማን የውስጥ ክፍተት ስትቆርጡ በሰዓት አቅጣጫ። ራውተሩ ጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ ሲታሰር ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፤ እንጨቱን ከቀኝ ወደ ግራ ትገፋላችሁ። በደገፋውና በቢቱ መሐል ግን እንጨት አታሳልፉ። ቢቱ ይዞት ይወረውረዋል፤ እጃችሁም ተከትሎት ሊሄድ ይችላል።

ወደምወደው ጂግ ልምጣ። ወንበርና ጠረጴዛ ለሚሠራ ሰው የምላስና የጉድጓድ መጋጠሚያ፣ ማለትም የአንዱ እንጨት ጫፍ ቀጥኖ ሌላው ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ የሚገባበት፣ ዋናው ነው። በመሮ ቆንጆ አድርጎ የሚሠራ አናጺ አለ፣ እጁ ይባረክ። ለሌሎቻችን ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ሁለቱም እንጨቶች ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ምላሱን ለብቻው ሠርቶ መሐላቸው መክተት። ይህ ከእንጨቱ ያልተቆረጠ ምላስ ደካማ ይመስላል። አይደለም፤ ኮላው የሚይዘው በሰፋፊዎቹ ፊቶች ስለሆነ በደንብ ከተሠራ ከተለመደው የማይተናነስ ጥንካሬ አለው።

ፎርማውን በመጋዝና በሞረድ አትቅረጹት፤ ከቁርጥራጭ ገጣጥሙት። 10 ሚሊሜትር ስፋት፣ 50 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ እንፈልጋለን እንበል። ቢታችን 10 ነው፣ ቡሺንጋችን 16። ልዩነቱ 6 ነው። ስለዚህ የፎርማው ክፍተት 16 በ56 ይሆናል። ሁለት ረጃጅም ቁራጮች ጎን ለጎን፣ በመሐላቸው ደግሞ ከጫፍና ከጫፍ ቡሺንጉን የሚያክል 16 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ታስገባላችሁ፤ በሁለቱ ትንንሾች መሐል 56 ሚሊሜትር ትተዋላችሁ፣ ኮላ ቀብታችሁ በሞርሳ ታጠብቃላችሁ። ያው ክፍተቱ ተሠራ። ቡሺንጉ ሳይነቃነቅ ግን ሳይከብድ መንሸራተት አለበት፤ ከጠበቀ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሹበት።

ከሥር ደገፋ ታስራላችሁ። የእንጨቱ ፊት እሱ ላይ ይደገፋል፣ ጉድጓዱ ከእንጨቱ ፊት ምን ያህል እንደሚርቅም የሚወስነው እሱ ነው። እግሩ 40 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ደገፋውን ከክፍተቱ መሐል 20 ላይ ታደርጉታላችሁ። 20 ሳይሆን 20 ተኩል ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው የጂግ ጉዳይ የሚያስደስተኝ፤ ሁለቱም እንጨቶች መልካም ፊታቸውን ይዘው እዚያው ደገፋ ላይ ከተደገፉ፣ ስህተቱ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚሆን የውጭ ፊታቸው ሲገጥም ልክ ይሆናል። አንዱን በፊቱ ሌላውን በጀርባው ካስደገፋችሁት ግን ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ሆና ትወጣለች። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በየእንጨቱ መልካም ፊት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ ሁልጊዜ ወደ ደገፋው። ይህን ሕግ የያዘ ሰው ሻካራ ጂግም ይዞ ልክ የሆነ ሥራ ያወጣል፣ ያልያዘ ሰው ግን የቱንም ያህል ውድ ጂግ ቢገዛ አያድነውም።

ጥልቀቱ በየጎኑ 25 ሚሊሜትር ይሁን። በአንድ ጊዜ አትግቡ፤ በየዙሩ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ይበቃል። ጉድጓዱ ውስጥ ሰጋቱራ ሲጠራቀም ቢቱ ይግላል፣ ይደንዛል፣ እንጨቱም ይጠቁራል፤ መሐል ላይ ቆም እያላችሁ አጽዱት። ጥምዝ ሆኖ ሰጋቱራውን ወደ ላይ የሚያወጣ ቢት ካገኛችሁ ለዚህ ሥራ ከቀጥተኛው ይሻላል። የፎርማው ውፍረት ከቢቱ ርዝመት እንደሚቀነስም አትርሱ፤ ፎርማው 12 ከሆነ ለ25 ጥልቀት ቢቱ ከቤዙ ሥር 37 ሚሊሜትር መውጣት አለበት። የቡሺንጉ አንገት ደግሞ ከፎርማው ውፍረት ማነስ አለበት፣ ካልሆነ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ምላሱን ከረጅም ዘንግ ታወጡታላችሁ፤ ውፍረቱ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ በመዶሻ የማይመታ ይሁን። ርዝመቱ 48፤ ሁለት ሚሊሜትሯ የኮላ ማረፊያ ናት። የጉድጓዱ ጫፎች ክብ ስለሆኑ ወይ የምላሱን ጠርዞች ታከብባላችሁ ወይ ምላሱን ጠበብ አድርጋችሁ ጠርዙን እንዳለ ትተዋላችሁ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ትርፉ ኮላ መውጫ ያገኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የጣት መጋጠሚያ። የሣጥን ጥግ ላይ እንደ ተጠላለፉ ጣቶች የምታዩት ነው። ራውተሩ ጠረጴዛ ሥር ይታሰራል፣ እንጨቱን የሚሸከም ተንሸራታች ከላይ ይሄዳል። ተንሸራታቹ ላይ አንድ ቦይ በቢቱ ትቆርጣላችሁ፣ በዚያ ቦይ ልክ የሚገጥም ዘንግ ታዘጋጃላችሁ። ከዘንጉ ቁራጭ አንዱ ካስማ ይሆናል። ሌላው ቁራጭ መለኪያ ነው፤ በቢቱና በካስማው መሐል አስገብታችሁ ካስማውን እዚያ ላይ ታስሩታላችሁ። አሁንም ሜትር አልተነካም። ከዚያ እንጨቱን ካስማው ላይ አስጠግቶ መቁረጥ፣ የተቆረጠውን ካስማው ላይ ማልበስ፣ እንደገና መቁረጥ። የሁለተኛው ጣውላ የመጀመሪያ ቆረጣ ከጠርዙ መጀመር አለበት፤ ለዚህም የመጀመሪያውን ጣውላ ገልብጣችሁ የመጀመሪያ ቦዩን ካስማው ላይ አልብሱት፣ ሁለተኛውን አጠገቡ አስጠጉት።

ጣቶቹ ካልገቡ ካስማውን ወደ ቢቱ በጥቂቱ አስጠጉ፤ ከላሉ አርቁት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ካስማው ያለበት ቦታ ትንሽ ቢሳሳት ሁለቱም ጣውላዎች ላይ ያው ስህተት ስለሚደጋገም መጋጠሚያው ይጠብቃል ወይም ይላላል እንጂ አይንሸራተትም። ጉዱ የሚመጣው ካስማው ቦዩ ውስጥ ሲዋልል ነው። ጣውላውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየገፋችሁ ከለበሳችሁት ስህተቱ ይደመራል፤ በየቆረጣው 0.1 ሚሊሜትር ወደ አንድ ጎን ቢያመልጥ ከ12 ጣት በኋላ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ግፉ። ቢቱ ሲወጣ እንጨቱን እንዳይቦጭቀው ደግሞ ከኋላ የሚቀየር ቁራጭ እንጨት አድርጉ።

ስለ ርግብ ጭራ፣ ጣቶቹ እንደ ርግብ ጭራ ጫፋቸው ላይ ስለሚሰፉበት መጋጠሚያ፣ ብዙ አላወራም፤ ማበጠሪያ የሚመስለውን ፎርማ በቤት መሥራት ይቻላል ግን ከሌሎቹ በተለየ መግዛቱ የሚያዋጣበት እሱ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። የመሳቢያ ፊት ላይ በሚሠራው ዓይነት፣ መጋጠሚያው ከላላ ቢቱን ትንሽ አስወጡት፣ ከጠበቀ ትንሽ አስገቡት፤ ማስተካከያው ጥልቀቱ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ቢት ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጥልቀት ብቻ ነው የሚሠራው፣ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ካነሳችሁት እንጨቱንም ፎርማውንም ይገነጥላል። ማብሪያውን አጥፉ፣ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ጎትታችሁ አውጡት።

ደኅንነቱን ቶሎ ልለፈው፤ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። ቢት ስትቀይሩ ሶኬቱን ንቀሉ። የቢቱን እግር ኮሌቱ (ቢቱን አጥብቆ የሚይዘው የራውተሩ አፍ) ውስጥ እስከ መጨረሻው ካስገባችሁ በኋላ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር መልሱት፣ ከዚያ አጥብቁ፤ መጨረሻውን የነካ ቢት በደንብ አይያዝም። ትልቅ ቢት በቀስታ ይዙር፤ ከ50 ሚሊሜትር በላይ ስፋት ላለው ብዙ አምራቾች ከ16,000 ዙር በታች ይመክራሉ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ጭምብልም አድርጉ፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። ጂጉን ስትሠሩ ብሎኖቹን ከቢቱ መንገድ አርቁ። ለጊዜው በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር የምትይዙት ፎርማ ካለ መጀመሪያ አቧራውን ጥረጉ፤ አቧራ ላይ ፕላስተር አይዝም።

ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ።

«ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) ይሻላል ወይስ ኮምፖርሳቶ?» ተባልኩ። ለፎርማው ጠርዝ ኤምዲኤፍ ለስላሳ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀትም ቶሎ ይስተካከላል። ግን እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲወድቅ ጥጉ ይሰባበራል። አንዴ ለሚሠራ ኤምዲኤፍ፣ ለዓመታት ለሚቀመጥ ጥሩ ኮምፖርሳቶ። ኤምዲኤፉን ቫርኒሽ ብትቀቡት ዕድሜው ይጨምራል።

«በትንሿ ራውተር ይሠራል?» የሚልም ነበር። በአንድ እጅ በምትያዘው ማለት ነው። ለስስ ሣጥን፣ ለጣት መጋጠሚያ፣ ለጠርዝ ማስተካከያ አዎ። ለ25 ሚሊሜትር ጉድጓድ ግን እግሩ 6 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ቢት ስለሚተጣጠፍ የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ አይልም። ልትሞክሩ ከፈለጋችሁ በየዙሩ 2 ሚሊሜትር ብቻ።

አንዱ ደግሞ «የተሠራውን ገዝቼ ብገላገልስ?» አለኝ። ግዛ። ግን ከመግዛትህ በፊት የቦዩን ጂግ ሥራ። አንዱን በእጁ ያልሠራ ሰው የተገዛው ሲበላሽ ወይም መጋጠሚያው ሲላላ የቱን ብሎን እንደሚነካ አያውቅም።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከኋላ የመጣች ናት። «ጂግ መቼ ይጣላል?» ጥሩ ጥያቄ ናት። ጂግ ላይ ሁልጊዜ በማርከር ጻፉበት፤ የትኛው ቢት፣ የትኛው ቡሺንግ፣ ስንት ጥልቀት። ካለዚያ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀዳዳ ያለው ጣውላ ነው የሚሆንባችሁ። ሲወለድ የቆረጣችሁበትን የመጀመሪያ ናሙና ደግሞ በገመድ አስራችሁ እዚያው አንጠልጥሉት። ከጊዜ በኋላ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ አዲስ ጉድጓድ ቆርጣችሁ ከናሙናው ጋር አንድ ምላስ በሁለቱም ውስጥ ሞክሩ። በአሮጌው ጠበቅ ብሎ በአዲሱ ከተወዛወዘ ቡሺንጉ ክፍተቱን በልቶታል። ሁለቱን ረጃጅም ቁራጮች ጣሏቸው፣ ደገፋውን አስቀሩት።